ሁሉ ሰላም ሲሆን የሚጮህ ደወል

ዐብዲናስር በቢሯችን ውስጥ ከማሽን ጋር የሚጣላ ብቸኛው ሰው ነው። ጸጥተኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከሰውም ጋር ቢሆን አፉ አይዘጋም። ከማሽን ጋር ግን ይከራከራል፣ ይማጠናል፣ ሲብስበትም ያኮርፋል። አንድ ቀን ከራውተር ጋር ተኳርፎ ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶት ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ። የታረቁት ራውተሩ በራሱ ጊዜ ሲነሣ ነው።

እኔ ሶሲና እባላለሁ፤ የድርጅቱ የትራንስፖርት ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ የሚለው ቃል አያሳስታችሁ። በእጄ ያሉት ጥቂት የውኃ ቦቴዎች፣ አንድ አሮጌ ፒካፕ እና ለጠብ የማይሰንፉ ሾፌሮች ናቸው። ዋናው ቢሯችን ጅግጅጋ ሲሆን ሸደር፣ ሐርተሼክ እና ደምበል ጣቢያ አለን። ድርቅ ሲሆን ውኃ እናመላልሳለን፤ ድርቅ ካልሆነ ስብሰባ እናደርጋለን። ዐብዲናስር እነዚህን ጣቢያዎች የሚያገናኘው የኔትወርክ ሰው ነው። ምሰሶ ላይ ይወጣል፣ ገመድ ይቀጥላል፣ አንዱ ጣቢያ ከመስመር ሲጠፋ እኔ ዘንድ መጥቶ መኪና ይለምናል። እኔም በቀላሉ አልሰጥም። ትንሽ ሲለማመጠኝ ደስ ይለኛል፤ የሥራዬ ጥቅማ ጥቅም ይህችው ብቻ ናት።

ዐብዲናስር ተወልዶ ያደገው ሐርተሼክ ነው። ያኔ የሶማሊያ ስደተኞች ካምፕ ከተማውን ውጦት ነበር፤ ገበያው ደግሞ ካምፑን። ከጠረፍ ማዶ ቀረጥ የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁ ሬዲዮና ቴፖች በግመልም በመኪናም ይገቡ ነበር። እናቱ ቢሻሮ በገበያው መሀል ሻይ ትሸጣለች፤ ልጇ ከጎኗ ቁጭ ብሎ የነጋዴዎቹን ሬዲዮ ይፈታል። አንዳንዱን መልሶ ይገጥመዋል። ላልገጠመው እናቱ ለባለቤቱ ሻይ በነጻ ታጠጣለች። የዐብዲናስር ትምህርት የተከፈለው በሻይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በጅግጅጋ እናት የምታክልን ሴት ኤዶ ነው የምንላት፤ ስለዚህ እኔ ኤዶ ቢሻሮ እላታለሁ። አንቺ ማለቴን እንደ ብልግና አትቁጠሩብኝ። ሶማሊኛ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፤ መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን አንቱ ብያት "ስንት ሆኜ ነው የታየሁሽ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልደገምኩትም።

ካምፑ ተዘጋ፣ ስደተኛው ሄደ፣ ገበያው ቀዘቀዘ። ኤዶ ቢሻሮ ግን ከሐርተሼክ ንቅንቅ አላለችም። ዐብዲናስር ጅግጅጋ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ዐምራንን አግብቶ ልጆች ከወለደ በኋላ "ሆዮ፣ ነይ አብረን እንኑር" ብሎ ያልለመናት ጊዜ የለም። ሆዮ ማለት እማዬ ማለት ነው። የሚያስቀው ነገር፣ እሷም መልሳ እሱን "ሆዮ" ነው የምትለው፤ የሶማሌ እናት ልጇን የምታቆላምጠው በራሷ መጠሪያ ነው። ሁለቱ በስልክ ሲያወሩ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ማን ማንን እንደወለደ ግራ ይገባዋል።

"ሆዮ፣ ጅግጅጋ ነፋስ ነው" ትለዋለች። ሐርተሼክ ነፋስ የሌለ ይመስል።

እውነቱን ለመናገር የያዛት በርካዋ ነው። የሐርተሼክ መሬት ቢቆፍሩት ውኃ አይሰጥም። ሰው የዝናብ ጎርፍ የሚያጠራቅመው በሲሚንቶ በተለሰነ ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ በርካ ይሉታል። የኤዶ ቢሻሮ በርካ ላዩ ቆርቆሮ ነው፤ በቆርቆሮው መሀል ክዳን አለ፣ በክዳኑ ላይ ጓጉንቸር፣ የጓጉንቸሩ ቁልፍ ደግሞ አንገቷ ላይ። ከንጋት ሶላት በኋላ ትከፍታለች። ሰፈሩ ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል፤ እሷ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ሳያገባ እንደቀረ፣ ማን ሁለቴ ሊቀዳ እንደሞከረ ትከታተላለች። ከዚያ ቆልፋ ትገባለች። በድርቅ ጊዜ ቦቴያችን ውኃ የሚገለብጠው በዚሁ በርካ ውስጥ ነው። የድርጅቱ የኔትወርክ ምሰሶና የዕቃው ሣጥን የቆመውም በእሷ ግቢ ነው። ይህ የዝምድና ሥራ ነው እያሉ የሚያሙ አሉ። እኔም አንዷ ነኝ።

ችግሩ ስልክ ነው። ኤዶ ቢሻሮ በስልክ የምትናገረው ዜና አንድ ብቻ ነው፤ ነበድ። ሰላም ማለት ነው። ፍየል ሞታም ነበድ፣ ነፋስ ጣሪያ ነቅሎም ነበድ። አንድ ጊዜ ወባ ጥሏት ሳለ ልጇ ደውሎ "ነበድ" ብላው፣ ከዳነች በኋላ ነገሩን ከጎረቤት ሰማ። ለምን አልነገርሽኝም ብሎ ሲቆጣ "አሁን እኮ ነበድ ነው፤ ምን ዋሸሁ?" አለችው።

የእኛም ሰዎች ቢሆኑ የተሻሉ አይደሉም። በ2010 ክረምት ጅግጅጋ ስትታመስ እኔ ለሥልጠና አዲስ አበባ ነበርኩ። ስልክ ሲከፈት እናቴ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን" አለችኝ። ስመለስ ሱቃችን በር አልነበረውም። ዕቃም አልነበረውም። እናቴ በሌለው በር ፊት ወንበር አውጥታ ተቀምጣ "ነገርኩሽ አይደል፣ ደህና ነን" አለችኝ። ስለዚህ በኤዶ ቢሻሮ ለመፍረድ አፌን አልሞላም።

ወደ ዐብዲናስር ልመለስ። በየጣቢያው ሣጥን ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አለች፤ በውስጧ ኤጀንት የሚሉት ፕሮግራም ይኖራል። የኤጀንቱ ሥራ ሲጠየቅ መመለስ ነው። ጅግጅጋ ያለው ሰርቨር በየጥቂት ደቂቃው "ሙቀትህ? ባትሪህ? መስመርህ?" ይለዋል፣ እሱም ቁጥር ይመልሳል። ቁጥሮቹ ቢሯችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ስክሪን መስመር ሆነው ይሣላሉ። ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ።

"የሚያወራው ስለ ራሱ ብቻ ነው" አለኝ ዐብዲናስር አንድ ቀን፣ ስክሪኑን እያየ በምሬት። "ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ባትሪው። አጠገቡ ያለው በርካ ቢደርቅ ጉዳዩም አይደለም። ልክ እንደ አለቃ።"

አለቃችን አቶ ገብረየስ ከኋላችን ቆመው ነበር። ሳል አሉና አለፉ።

ያን ሰሞን ለካ ሲያሰላስል የከረመው ነገር ነበረው። ኤጀንቱ ከፋብሪካ ይዞት ከመጣው ጥያቄ በላይ ሊማር ይችላል። አዲስ ጥያቄ፣ የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት ይጨመርለታል። ያ ቁጥር ሲጠራ ኤጀንቱ ዐብዲናስር የጻፈለትን፣ ስክሪፕት የሚሏትን ትንሽ የትእዛዝ ጽሑፍ አስነሥቶ እሷ የሰጠችውን መልስ ይናገራል። ዐብዲናስር ሊጨምር ያሰበው ጥያቄ አንድ ነው፤ የበርካው ውኃ ስንት ደረሰ? ለድርጅቱ ብዬ ነው አለ። እኔ ግን ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። እናቱ ለማትመልስለት ጥያቄ ሌላ የሚመልስለት እየፈለገ ነበር።

ከእኔ ግቢ ከወደቀ አይሱዙ ላይ የነዳጅ መለኪያውን ነቀለ። ሳያስፈቅደኝ። ታንከር ውስጥ የሚንሳፈፈውን ኳስ በረጅም ገመድ አስሮ በርካው ውስጥ አንጠለጠለው፤ ውኃው ሲወርድ ኳሱ ይወርዳል፣ ገመዱ መለኪያውን ያዞራል፣ ሽቦው ወደ ሣጥኑ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ሐርተሼክ በሙሉ ቀይ ሆነች። ስክሪፕቷ መለኪያውን አንብባ እስክትመለስ ኤጀንቱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ትዕግሥት የሌለው ፍጡር ነው፣ መልስ ሲዘገይበት ሞቷል ብሎ ያውጃል። አቶ ገብረየስ ጣቢያው ተሰርቋል ብለው አዲስ አበባ ደወሉ። ዐብዲናስር ከሣጥኑ ጋር ሲሰዳደብ ውሎ መላ አገኘ፤ ስክሪፕቷ ለብቻዋ በየደቂቃው እያነበበች ቁጥሩን አንድ ፋይል ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ኤጀንቱም ሲጠየቅ ከዚያ አንሥቶ ወዲያው ይመልሳል። ሐርተሼክ ከሞት ተነሣች።

ሥራው ሲያልቅ እኔም እዚያ ነበርኩ። ኤዶ ቢሻሮ ኳሱን ረጅም ጊዜ አየችው። ለእኔ ስትል በገበያ አማርኛዋ ጠየቀችው።

"ይኼን ማን ይጠይቀዋል?"

"እኔ። ጅግጅጋ ተቀምጬ።"

"አንተ ትጠይቃለህ፣ እሱ ይመልሳል?"

"አዎ ሆዮ።"

"በእኔ ቤት ተቀምጦ?"

"በአንቺ ቤት ተቀምጦ።"

"እሺ" አለች።

ያቺ እሺ ልታሳስበን ይገባ ነበር። ኤዶ ቢሻሮ እሺ ብላ አታውቅም።

የ2014 ድርቅ መጣ። በስክሪኑ ላይ የበርካው መስመር ቀስ እያለ ወረደ፤ ሲወርድ ቦቴ ሰደድኩ፣ ቦቴው ሲደርስ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። በጣም ወደድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ በሾፌር ወሬ ቦቴ ስሰድ የኖርኩ ሴት፣ በቁጥር መስደድ ጀመርኩ። ከዕለታት አንድ ቀን መስመሩ እየወረደ ወርዶ ታች ሲደርስ፣ በድንገት ሽቅብ ተነሥቶ ሰባ በመቶ ላይ ተቀመጠ። ቦቴ አልላክሁም። እንግዲህ ዘንቧል ማለት ነው።

ዐብዲናስር ደወለ። "ሆዮ፣ ዘነበ እንዴ?"

"ነበድ" አለችው።

ቢሮው በእልልታ ተናጋ። አቶ ገብረየስ ስክሪኑን በስልካቸው ፎቶ አንሥተው አዲስ አበባ ላኩ። እኔም የሐርተሼክን ቦቴ ወደ ሸደር አዞርኩት፤ እዚያም ሰው በውኃ ጥም እያለቀሰ ነበርና። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ሰባ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ሰፈሩ ይጠጣል፣ ውኃው አይቀንስም። አቶ ገብረየስ ይህንንም አስረዱ፤ በሪፖርታቸው ላይ "የኅብረተሰቡ የውኃ አጠቃቀም ባህል በከፍተኛ ደረጃ ተሻሽሏል" ብለው ጻፉ።

እውነቱን የነገረን ሠርግ ነው። ሾፌራችን ዐቦኮር የዘመዱን ሠርግ ሊበላ ሐርተሼክ ሄዶ ከዚያ ደወለልኝ።

"ሶሲና፣ እዚህ ለስላሳ አለ፣ ሥጋ አለ፣ ጫት አለ። ውኃ የለም።"

"እንዴት የለም? በርካው ሰባ በመቶ ነው።"

"እንግዲያው ሰባ በመቶውን ላኪልኝ፣ እጄን ልታጠብበት።"

ዐብዲናስር ላይ ጮህኩበት። እሱ መጀመሪያ የጠረጠረው የራሱን ስክሪፕት ነው፤ ማንበቧን አቁማ ኤጀንቱ የድሮውን ቁጥር እያነሣ እየደገመው ይሆናል አለ። ከጅግጅጋ ሆኖ ፋይሉን ከፈተ። ፋይሉ በየደቂቃው እየታደሰ ነው። "እየተነበበ ነው" አለ፣ ፊቱ ጠቁሮ። "ማሽኑ አልዋሸም።" ታዲያ ማን ዋሸ ሳንባባል አንድ ቦቴ ውኃ አስሞልተን ተነሣን።

በርካው ታች ጭቃ ብቻ ነበረው። ኳሱ ግን ከላይ፣ ሰባ በመቶ ላይ፣ በቀይ ጨርቅ ታስሮ እንደ ሙዝ ዘለላ ተንጠልጥሏል። ጨርቁ ከኤዶ ቢሻሮ ጋርባሳር፣ ማለትም ከትከሻ ሻሿ ጫፍ የተቀደደ ነው። ቋጠሮው ደግሞ የባለሙያ ቋጠሮ ነበር።

"ሆዮ! ይኼ ምንድን ነው?"

"ጨርቅ" አለች።

"ማን አሰረው?"

"ይወርዳል እኮ" አለች፣ ጥፋቱ የኳሱ እንደሆነ ሁሉ። "ውኃው ሲቀንስ ይወርዳል። አንተ እዚያ ሆነህ ታየዋለህ። እንቅልፍ ታጣለህ፣ ምግብ አትበላም፣ ዐምራን በእኔ ትማረራለች። አነሣሁልህ።"

"እንዲወርድ እኮ ነው የሠራሁት!"

"በቤቴ የተቀመጠ እንግዳ ነው" አለችው፣ አሁን እሷም ተቆጥታ። "ሰው ሲጠይቀው ነበድ ይበል። የቤቴን ጓዳ ለጅግጅጋ ሕዝብ ያወራል? እኔ እንኳ ለልጄ ያላወራሁትን?"

ዐብዲናስር ከቆርቆሮው ላይ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት አየ። እኔ ተናድጄ ነበር፤ በጣም ነው የተናደድኩት። ሰፈሩ ውኃ ከሩቅ በአህያ ሲያመላልስ የሰነበተው በእሷ ቋጠሮ ነው። ሆኖም የተሰነጠቀ ከንፈሯን ሳይ ቁጣዬ መንገድ ላይ ጠፋብኝ። ቦቴው ሲገለበጥ በርጩማዋን አውጥታ ተቀመጠችና ሰልፈኛውን መቆጣጠር ጀመረች፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

በማግሥቱ ስብሰባ ሆነ። አቶ ገብረየስ ከፋብሪካ ያልመጣ ጥያቄ ሁሉ ከኤጀንቱ ይነሣ አሉ። ስለ ውኃ አጠቃቀም ባህል ምንም አላነሡም። ዐብዲናስር ግን ማንሣቱን ትቶ ሌላ ጨመረበት። ሁለተኛው ጥያቄ እንዲህ ነው፤ ውኃው ሳይነቃነቅ ምን ያህል ቆየ?

"ውኃ ሰው ከጠጣው ይቀንሳል፤ ዝናብ ወይ ቦቴ ከመጣ ይጨምራል" አለ። "ባለበት የቆመ ውኃ ወይ ውሸት አለበት ወይ ችግር አለበት። ሌሊት ዝግ ስለሆነ እንተወዋለን። ረፋድ ላይ ግን ማንም ካልነካው ደወል ይጩህ።"

"ስለዚህ" አሉ አቶ ገብረየስ፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆኖ፣ ምንም ችግር ሳይታይ፣ ይጮሃል ማለት ነው?"

"አዎ። ሁሉ ሰላም ሲሆን ይጮሃል።"

አቶ ገብረየስ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ስብሰባውን ዘጉት።

ደወሉ ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ጮኸ። በጮኸ ቁጥር የሚሆነው አንድ ነው። ዐብዲናስር የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይደውላል፤ እኛም ሥራ ትተን እንከበዋለን።

"ሆዮ፣ ፍቺው።"

"ምኑን?"

"ጨርቁን።"

"አንተ ሰይጣን ነህ!" ትለዋለች፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ትዘጋበታለች፣ ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ወደ እውነተኛ ቦታው ዱብ ይላል። ይህ ለእኛ መዝናኛ ነበር። የሁለት ሰው ኔትወርክ ብለን እናሾፍበት ነበር፤ አንዷ ታስራለች፣ አንዱ ያስፈታል። እየቆየ ማሰሩንም ተወችው። ሰለቻት መሰለኝ፤ ወይም በሩቅ የሚያይ ልጅ መኖሩን ለመደችው።

በ2016 ዝናቡ ጥሩ ነበር። በርካው ሞልቶ፣ መስመሩ በየማለዳው በመጠኑ እየወረደ፣ እኔም ቦቴዎቼን ጥገና አስገብቼ ተዝናንቼ ነበር። አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ደወሉ ጮኸ።

"አሰረችው" አልኩ እየሳቅሁ።

ዐብዲናስር ደወለ። እንደ ወትሮው ተሰበሰብን።

"ሆዮ፣ ነበድ?"

"ነበድ" አለች። ድምፅዋ ደህና ነው። "ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄዱ? ዐምራን ጉንፋኗ ለቀቃት?"

"ለቀቃት። ሆዮ፣ ጨርቁን ፍቺው።"

"የለም፣ ሆዮ። ጨርቅ የለም።"

"በርካውን ከፈትሽው?"

"ነበድ ነው" አለች። "ሥራህን ሥራ።"

ስልኩ ተዘጋ። እኛ ልንስቅ አፋችንን ከፈትን፤ ዐብዲናስር ግን ስልኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

"ሰይጣን ነህ አላለችኝም" አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "መኪና" አለኝ። አልለመነኝም፣ አላሞገሰኝም፣ አልተለማመጠኝም። ይህን ሰው እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ቁልፉን ለዐቦኮር ወርውሬ እኔም ተከትዬ ገባሁ።

በመንገድ ላይ ራሴን ለማጽናናት ያልተናገርኩት ነገር የለም። ገመዱ ተጠላልፎ ይሆናል አልኩ። መለኪያው የወደቀ አይሱዙ ልጅ ነው፣ ምን ታምነዋለህ አልኩ። ምሳ ሳልበላ ብለህ ብለህ በጨርቅ ታንከራትተኛለህ ብዬ ተቆጣሁም። ዐብዲናስር ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። ዐቦኮር መንገድ ላይ ያለችው ቀብሪበያህ ስንደርስ ሁሌ የሚቆምበትን የጫት ተራ ሳይቆም አለፈው። የዚያን ጊዜ እኔም ፈራሁ።

ከግቢው በር ላይ ሰፈሩ ጀሪካኑን ደርድሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ዐናብ የምትባለው ጎረቤት ከመኪና ሳንወርድ ክስ ጀመረች።

"እናትህ ዛሬ አልከፍትም አለች! ብናንኳኳ ከውስጥ ሆና 'ነበድ ነው፣ ተኝቻለሁ፣ ሂዱ' ትላለች። ደግመን ብናንኳኳ ሰደበችን።"

ዐብዲናስር የቤቷን የቆርቆሮ በር በትከሻው መታው። በሁለተኛው ተከፈተ።

ኤዶ ቢሻሮ አልጋዋ ሥር፣ መሬት ላይ ነበረች። አንድ እግሯ እግር በማይዞርበት በኩል ዞሯል። ጋርባሳሯን እግሯ ላይ አስተካክላ አልብሳዋለች፤ እንግዳ ቢመጣ ብላ መሆን አለበት። ስልኳ በእጇ ነበር።

"ነበድ" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ዐብዲናስር አጠገቧ ተንበረከከ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ለሶላት ስነሣ።"

"ስደውልልሽ እዚሁ ነበርሽ?"

"የት ልሄድ?" አለች። ከዚያ ዓይኗን አጥብባ አየችው። "ማን ነገረህ? ዐናብ ነች?"

"ውኃው ነው የነገረኝ።"

"ፈትቼው ነበር እኮ!" አለች፣ በእውነት ከፍቷት። "ወላሂ፣ ከፈታሁት ቆየሁ!"

"ስለፈታሽው ነው የነገረኝ፣ ሆዮ።"

ከዚያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን የሞኝ ጥያቄ ጠየቃት፤ "ደህና ነሽ?" አላት። ከንፈሯ ያችኑ የዘወትር ቃሏን ልትል ሲከፈት አየሁ። ተከፍቶ ቀረ። ልጇን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ በሩን ሞልቶ የቆመውን ሰፈር አየች።

"አይደለሁም" አለች። "ያመኛል፣ ሆዮ። በጣም ያመኛል።"

እንባዬ መጣ። ሁለቱንም እናቶች፣ የእሱንም የእኔንም፣ በአንድ ጊዜ ያየሁ መሰለኝና አለቀስኩ። ዐብዲናስርም አለቀሰ፤ ከሳቅ ጋር የተቀላቀለ እንግዳ ልቅሶ ነበር። ከዚያ ፍራሿ ላይ አድርገን አነሣናት። ዐቦኮር የፒካፑን ጀርባ በከረጢትና በብርድ ልብስ አለሰለሰው። ስንጭናት የአንገቷን ቁልፍ አውልቃ እኔ እጅ ላይ አደረገችው።

"ክፈቺላቸው። እዚሁ ቁጭ በይ። ዐናብ ሁለት ጊዜ እንዳትቀዳ።"

ስለዚህ የመንገዱን ነገር የነገረኝ ዐቦኮር ነው። እኔ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብዬ ሰልፍ ሳስከብር እነሱ ወደ ጅግጅጋ ሆስፒታል ከነፉ። ዐብዲናስር ከኋላ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ ይዟታል። ኤዶ ቢሻሮ አንዴ የቀመሰችውን ቃል አልለቀቀችውም ይላል ዐቦኮር። ጎድጓዳ በመጣ ቁጥር ያመኛል፣ መኪናው ሲዞር ያመኛል፣ ጠጠር ሲፈናጠር ያመኛል። ፍተሻ ላይ የቆመው ፖሊስ ወደ መኪናው ተጠግቶ ሰላም ነው ብሎ ሲጠይቅ እንኳ "ያመኛል" ብላ መለሰችለት። ዕድሜዋን ሙሉ አጠራቅማው ኖሮ በዚያ መንገድ አራገፈችው። ልጇ በእያንዳንዱ "እሺ ሆዮ፣ እሺ ሆዮ" ይላል፤ ደስ እንዳለው ሰው ነው የሚለው።

ቀብሪበያህን እንዳለፉ የዐብዲናስር ስልክ በኪሱ ውስጥ አንድ ጊዜ ጮኸ። አውጥቶ አየው።

"ምን ይላል?" አለችው።

"ውኃሽ መቀነስ ጀመረ ይላል። ሰፈሩ እየቀዳ ነው።"

ወደ ስልኩ አየች።

"ለዚያ ለእንግዳዬም ንገረው" አለች። "ቢሻሮን ያማታል በለው።"